የቅኔ ቤቱ ማመልከቻ

ከኮርፖሬሽኑ የወጣሁት ማንም ገፍቶ ሳያስወጣኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደባርቅ ውስጥ ሌላ ሌላ ስለሚወራ ነው። ተባረረች የሚል አለ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልታ ነው የሚልም አለ። መጣላቱንስ ተጣልተናል። ግን በራሴ እግር ነው የወጣሁት፤ ጠረጴዛዬን ወልውዬ፣ የጽሕፈት መኪናውን ልብሱን አልብሼ፣ ቁልፉን ለመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አስረክቤ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ። እንደዚያ የሚያስፈነጥዝ ነገር አልነበረውም።

ኮርፖሬሽኑ ከገበሬው እህል የሚገዛ የመንግሥት ድርጅት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ፣ ወላጆቼ ቤት እጄን አጣጥፌ በተቀመጥኩበት ጊዜ ታይፒስት ይፈልጉ ነበርና ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ጣቴ ፈጣን ነው። ችግሩ የሚፈጥነው ጣቴ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ በእጁ ጽፎ የሚሰጠኝን ሪፖርት ዝም ብዬ መምታት ያቅተኛል። ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ ሲታይ «ግዢው በተያዘው ዕቅድ መሠረት በተፋጠነ ሁኔታ በመካሄድ ላይ ይገኛል» ይላል። ገብሱን በረዶ መትቶት ገበሬው ለዘር እንኳ ሲያጣም ያው ራሱ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ደግሞ «በረዶ ስለመታው የተገዛ የለም» ብዬ እመታዋለሁ። ይመልስልኛል። አስተካክላለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ አሳጥርበታለሁ። ይመልስልኛል።

አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጠራኝና ወረቀቱን እያወዛወዘ፣ አንቺ እዚህ የተቀጠርሽው ለጣትሽ ነው፣ ለአስተያየትሽ አይደለም አለኝ። እኔም ጣቴን ከእኔ ነጥዬ ልልክልህ አልችልም አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ብዙም ሳልቆይ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ራሴ መትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሁለት መስመር ናት። እሷንም አስረዝሚያት ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ ፈረመባት።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ደብር ውስጥ ነው የሚያስተምሩት፤ እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። ሴት ልጃቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ካህናቱ ያላሉት አልነበረም። ከዚያ ሁሉ አሉባልታ በኋላ ቢሮ ገብቼ ሲያዩኝ ሙግት የረቱ ያህል ነበር የተሰማቸው። ለዳባት ገበያ በወጡ ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረው ደባርቅ ይመጡና በሩ ላይ ቆመው ስመታ ያዩኛል። ግቡ ቢባሉ አይገቡም። ጭራቸውን ወዲህ ወዲያ እያደረጉ ትንሽ ይቆዩና ይሄዳሉ። ለደብሩ ሰው አሥሩም ጣቷ ይጽፋል እያሉ ያወሩ እንደነበር እናቴ ናት የነገረችኝ።

መልቀቄን ሲሰሙ አልተቆጡም። መናገር ነው ያቆሙት። ለበዓል ቤት ስሄድ በእናቴ በኩል ነው የሚያናግሩኝ። «ውኃ ትፈልግ እንደሆን ጠይቂያት» ይሏታል፣ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ። እናቴም ትጠይቀኛለች። እኔም አልጠማኝም በያቸው እላለሁ። ያን ጊዜ ያስቀኝ ነበር።

ሥራ ስለቅ ምን እንደምሠራ ሳላስብ አልነበረም። ያኔ ሰው ሁሉ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገረው በወረቀት ነው፤ ለመሬቱ፣ ለልጁ፣ ለበቅሎው፣ ለፍቺው ማመልከቻ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ከመጻፍ በቀር የማውቀው የለም፤ የሰለቸኝ አለቃ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ማመልከቻ ጻፊዎቹ ከሚቀመጡበት የድንጋይ ደረጃ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የጽሕፈት መኪና በዚያ ዘመን ማንም ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጠው ዕቃ አልነበረም። በእጄ ነበር የምጽፈው፤ ጭኔ ላይ አንድ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ፉልስካፕ፣ ጆሮዬ ላይ እስክሪብቶ።

አጠገቤ የሚቀመጡት ጻፊ ድሮ የዜማ ተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ማመልከቻን እንደ ድርሳን ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ቀን፣ ታይፒስቷ መጣችልን፣ መኪናዋን የት ረስታው ይሆን ብለው በሩ ላይ ያለውን ሰው በሙሉ አሳቁብኝ። ከጊች የመጣ አንድ ገበሬ ግን እሳቸውን ትቶ እኔ ጋ መጣ፤ ወረፋ ስለሌለኝ ነው። በቅሎውን የተዋሰው ሰው አንካሳ አድርጎ መልሶለታል። ከዘመዶቹ ጋር ከብበውኝ ሲያወሩ ሰማሁና በግማሽ ገጽ አጥርቼ ጻፍኩለት። አነበብኩለት። ሰውየው ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ይቺ ብቻ ናት የኔ በደል?» አለኝ።

ጎረቤቴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። እኔ ግን ያን ቀን ብዙ ተማርኩ። በእኛ አገር ማመልከቻ የሚታረመው በጻፊው እጅ አይደለም። ባለጉዳዩ ተከትሎት ከመጣው ዘመድ ጋር ቁጭ ይላል፣ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ አንዱ በቅሎዋ ስትገዛ እኔ ነበርኩ ይላል፣ ሌላው ሰውየው ድሮም አባቱን አስቀይሟል ይላል፣ ሁሉም የየድርሻውን ቃል ካላስገባ ማመልከቻው የማንም አይሆንም። ሪፖርት ረዘመ ብዬ ቢሮ የለቀቅሁ ሴትዮ፣ ወር ሳይሞላኝ አንድ በቅሎ ላይ ሁለት ገጽ ተኩል እጽፍ ጀመር።

ቢሆንም ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ከአዲ አርቃይ ቆላ እስከ ቡይት ራስ ያለው ሰው ነገሩን ይዞ ይመጣል። የሟች የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ፣ ለአስተማሪዎቹ የትምህርት ቤት ድራማ አርማለሁ፣ የመንግሥት ሠራተኞችም ሪፖርታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው እባክሽ መልክ አስይዥልኝ ይሉኛል። ቢሮ ሆኜ ስሰርዝ የተቆጡኝን ዓይነት ሰዎች አሁን ሰርዥልን ብለው ይለምኑኛል። እንደፈለግሁ እመጣለሁ፣ እንደፈለግሁ እነሣለሁ። በዚያ ላይ ስሜ ወጣ። የመንግሥትን አፍ ታውቃለች ተባልኩ። አውራጃው ጽሕፈት ቤት የሚገባ ነገር ከሆነ ወደ እኔ ነው የሚላከው፤ ምን ዓይነት ቃል በር እንደሚያስከፍት ከኮርፖሬሽኑ ይዤ ወጥቻለሁና። አባቴ ግን በበሩ አያልፉም ነበር። ደባርቅ ቢመጡ እንኳ በላይኛው መንገድ ዞረው ነው የሚሄዱት።

ከዚያ የቅኔ ቤቱ ተወሰደ።

የቅኔ ቤቱ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ያለ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው። በበጋ አባቴ ዛፍ ሥር ነው የሚያስተምሩት። በክረምት ግን ያ ቤት ከሌለ ትምህርት የለም፤ የተማሪዎቹ ጎጆ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታስተኛ፣ የእኛን አገር የክረምት ዝናብና በረዶ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤቱን የወሰደው፣ ገበሬው ለኮርፖሬሽኑ የሚሸጠው እህል ካሚዮን እስኪመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አጥቶ ነው። የእኔው የቀድሞ ኮርፖሬሽን ማለት ነው። ፋሲካ እንደዋለ ጆንያውን እስከ ጣራው ከመረው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ካልተመለሰ ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ፍለጋ ጎጃም መውረዳቸው ነው። የቅኔ ተማሪ አንዴ ከተበተነ ደግሞ አይሰበሰብም። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ያቆሙት ነገር በአንድ ክረምት ሊፈርስ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አራት ሰዎች ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሲመጡ አየሁ። ፊት ፊት የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌ ገበሬዎች፣ መጨረሻ አባቴ። ጎረቤቴ አባቴን ሲያዩ ከድንጋያቸው ብድግ አሉ፤ እንዲያ ሲነሡ ለዳኛም አይቻቸው አላውቅም። ይቀመጡ የኔታ፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ አሉ። ቄሰ ገበዙ ግን አመስግነው፣ ነገሩ የአውራጃው ስለሆነ ልጅቷ ትጻፈው ተብሎ በደብሩ ተመክሯል አሉ። አባቴ ከበሩ ፊት ካለው ወይራ ሥር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

«ለጸሐፊዋ ንገሯት» አሉ ለቄሰ ገበዙ፤ «በሥላሴ ስም ይጀመር።»

«ለየኔታ ይንገሩልኝ» አልኩ እኔም፤ «በሥላሴ ስም የተጀመረ ማመልከቻ ከአውራጃው በር አያልፍም።»

አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ግራና ቀኝ አዩን። «ሁለቱም አማርኛ ይናገሩ የለም እንዴ?» አሉ። «እኛን ለምን አስተርጓሚ ያደርጉናል?»

ለማንኛውም አባቴ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ ተባለ። ተናገሩ። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ምሰሶው ከየትኛው ደን እንደተቆረጠና በስንት ሰው ትከሻ እንደመጣ፣ ከእሳቸው በፊት እነማን እንዳስተማሩበት፣ ማን የት እንደተቀበረ፣ ከየት አገር ምን ዓይነት ተማሪ መጥቶ ምን ሆኖ እንደወጣ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ቃል አላረሙም። እንደዚያ የተስተካከለ አማርኛ ከሰው አፍ ሲወጣ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ያ ረቂቅ ዛሬ በእጄ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ። ያኔ ግን ጠቅልዬ እሳት አቀጣጠልኩበት።

ምክንያቱም የሚያዋጣውን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ነው። በዚያ ዓመት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ብሎ መጻፍ ለጸሐፊውም ጥሩ አልነበረም። ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ይባላል። ቅኔ ለምርት ምን ይጠቅማል ይባላል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ግን ጦፏል፤ ማንበብና መጻፍ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ሁሉ ይፈጥናል። ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቤቱ ለሰፊው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ ይሰጥበት እንደነበረ፣ መምህሩም በዚሁ ሥራ ረጅም ዘመን ያገለገሉ እንደሆኑ፣ ቤቱ መጋዘን በመሆኑ መሃይምነትን ለማጥፋት የሚደረገው ርብርብ እየተደናቀፈ እንደሚገኝ። የሥራ አስኪያጁ ቃላት ናቸው ከእጄ የሚወጡት። እንኳን መቃወም፣ አንዳንዱ ላይ ከእሱ የተሻልኩ ነበርኩ።

እንደ ልማዱ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቃሉ ይከብዳል» አሉ። «ጥሩ ነው። አልገባኝም።»

ቄሰ ገበዙ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ቅኔ የሚል የለበትም ወይ አሉኝ። የለበትም፣ ሆን ብዬ ነው አልኩ። አባቴ ያን ጊዜ ዞሩ። ሥራ ከለቀቅሁ ወዲህ በቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ማንበብና መጻፍ?»

«አዎ።»

«እኔ የማስተምረው እሱን ነው?»

«ማንበብ ሳይችል ቅኔ የሚማር አለ እንዴ አባ? በውስጡ አለበት።»

«የጻፍሽው ሌላ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት እኛ ደብር የለም።»

«ቤቱ ይመለስ እንጂ በምን ስም እንደተመለሰ ምን ቸገረን? ሲመለስ እንደፊቱ ያስተምሩበታል። ማን መጥቶ ያያል?»

አባቴ ፊቴን አዩኝ፤ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና እስክሪብቶውን ከጆሮዬ ላይ ራሳቸው አነሡ።

«አንቺ ካልሽ» አሉና ፈረሙ።

ያን ቀን የተከራየኋትን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው አዩ። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩላቸው፤ ጎንበስ ብለው ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡና በሉ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። የጊቹን ሰውዬ በቅሎ ታሪክ ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲወጡ መረቁኝ። አውቶቡሱ እስኪሄድ ቆሜ ሳይ፣ ከቢሮ መውጣቴ ልክ ነበር፣ ይኸው ለአባቴ ደረስኩላቸው እያልኩ ነበር። ከዚያ በላይ ደስ ብሎኝ የሚያውቅበትን ቀን አላስታውስም።

መልሱ ሳይታሰብ ፈጥኖ መጣ፤ ሰኔ እንኳ አልገባም። ቤቱ በአስቸኳይ እንዲለቀቅ፣ ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያነት እንዲውል፣ አመልካቹም በጣቢያው መምህር ሆነው እንዲሠሩ ተወስኗል ይላል። በሩ ላይ ላለው ሰው ሁሉ አነበብኩለት። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደግመው አነበቡትና መለሱልኝ።

«የጠየቅሽውን ነው የሰጡሽ» አሉ። «ምንም አላጓደሉም።»

ቀንተው ነው ብዬ ነበር። አልነበረም።

ሊቀመንበሩ እህሉን አወጣ። መጋዘኑን ስለተነጠቀ ግን ውሳኔውን ከፊደል ፊደል ሳያጎድል ነው ያስፈጸመው። ጥቁር ሰሌዳ አስገባ። ማንበብ የማይችለውን የአካባቢውን ሰው ሁሉ መዘገበ፤ ቁጥሩ ለአውራጃው ስለሚላክ የቅኔ ተማሪዎቹንም አብሮ መዘገባቸው። ጢማቸው የተንዠረገገ፣ በግእዝ ቅኔ የሚቀኙ ሰዎች ሀ ሁ በሉ ተብለው ከእረኛው ጋር ወለል ላይ ተቀመጡ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ሆነ። ያ ደግሞ ተማሪዎቹ የዕለት እህላቸውን ሊለምኑ መንደር የሚወጡበት ነው። የቀረ ሰው ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይጠራል። በርሃብና በሀ ሁ መካከል ምን ይምረጡ? አንዱ ሄደ። ሁለት ሆነው ሄዱ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጎጆዎቹ ባዶ ሆነው በራቸው ወለል ብሎ ነበር፤ የቀረው ከሁሉም ቀድሞ የገባው አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ሄጄ አየሁ። ቤቱ ሙሉ ነው። አባቴ በቀጭን ዘንግ ሰሌዳው ላይ እያመለከቱ ያስጠናሉ፤ ሴቶቹ ሕፃን አዝለው ይከተሏቸዋል። ጥሩ አድርገው ነው የሚያስተምሩት፤ አጓድለው ማስተማር አይችሉበትም። ስንወጣ አንዲት ጎረቤታችን እጄን ይዛ ሳመችኝ። ልጇ ከጦሩ የላከውን ደብዳቤ ራሷ አንብባዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ራሷ። ይኼን ያመጣሽልን አንቺ ነሽ አሉ አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከአጠገቧ ቆመው የሚሰሙት አባቴ ናቸው።

ለዚህም ምክንያት አላጣሁም ነበር። ካሚዮኑ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል፣ እህሉ እዚያው ከርሞ ተማሪዎቹ ለማንኛውም ይበተኑ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እስከ ነሐሴ ድረስ።

በነሐሴ በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ታይፒስት መጣች። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሪፖርቱን በእሷ አስይዞ ወደ እኔ ለእርማት ይልክ ጀምሮ ነበር፤ ማን እንደሚያርመው ግን አላውቅም ይላል። ዝናብ ስለነበር ሻይ ቤት ገባን። ጨዋታ ስናደርግ የአባቴ ነገር ተነሣ፤ ቤቱን በማመልከቻ እንዳስመለስኩት ነገርኳት። ልጅቷ ሻይዋን እያማሰለች ግራ ገብቷት አየችኝ። ያ ሁሉ እኮ በሰኔ ይለቀቅ ነበር አለችኝ። ዳባት ላይ የቆርቆሮ መጋዘን ተሠርቶ አልቋል። ክረምት ሳይገባ በየገበሬ ማኅበሩ የተከማቸው እህል ወደዚያ ተጠቃልሎ እንዲገባ፣ ለጊዜው የተያዙ ቤቶችም ሁሉ ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ ትእዛዝ ተጽፏል። ካሚዮኖቹም በሰኔ መጥተው ሁሉንም ጭነዋል። ደብዳቤውን የመታችው እሷ ናት። መቼ ነው አልኳት። ፋሲካ እንደዋለ ሰሞን አለችኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቢሆን የምመታው እኔ ነበርኩ። አባቴ ደባርቅ ከመምጣታቸው በፊት መሆኑ ነው። ምንም መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ዝም ብለው ይጠብቁ፣ በሰኔ ይለቀቃል ብዬ በሰው አፍ መላክ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የቢሮው ወሬ ከሰለቸኝ በኋላ ከበሩ አጠገብ እንኳ ማለፍ ትቼ ነበር። ልጅቷ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሪፖርቱን ስጪኝ አልኳትና ማረም ያዝኩ፤ የትኛውን ቃል እንደሰረዝኩ አላውቅም።

ሳልነግራቸው መቆየት አልቻልኩም። ነገር ውስጤ አይቀመጥልኝም። በማግስቱ ዳባት ወርጄ ጭቃውን በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ሰው ወጥቶ አልቋል፤ አባቴ ብቻቸውን ሰሌዳውን በጨርቅ ያብሳሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጋዘኑን፣ ደብዳቤውን፣ ካሚዮኑን። እያበሱ ሰሙኝ።

«ሥራዬን ባልለቅ ኖሮ አውቅ ነበር አባ። ይጠብቁ እልዎት ነበር።»

«ይጠብቁ ብትይኝ እጠብቅ ነበር» አሉ። «ደባርቅም አልመጣም ነበር።»

«አሁንም አልረፈደም። ሌላ እጽፋለሁ። ቤቱ የቅኔ ነው ብዬ፣ እንዳሉት አድርጌ እጽፋለሁ።»

«ያኔ ነበር እሱ።» ጨርቁን አራግፈው መስኮቱ ላይ አሰጡት። «የፈረምኩት ለቤቱ ብዬ ይመስልሻል?»

ዝናብ ሳይዝሽ ሂጂ አሉኝና እስከ ቅጥሩ በር ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳገላብጠው መጣሁ። ወቀሳ ቢሆን እችለው ነበር። ይቅርታም ቢሆን እችለው ነበር። አባቴ እያወቁ ነው የፈረሙት፤ ተማሪዎቻቸውን ለማስቀረት መጥተው፣ እነሱን ለቀው እኔን ይዘው ነው የተመለሱት። ማን እንዲህ ያድርጉ አላቸው? እኔ ያልኩት ቤቱን አስመልስልዎታለሁ ብቻ ነበር።

መስቀል እንዳለፈ የመጨረሻው ተማሪ ቅሉንና መጻሕፍቱን አንጠልጥሎ ፍርድ ቤቱ በር መጣ። ከአባቴ ዘንድ ሲቆይ ጢሙ ሸብቷል። ጎጃም ሊወርድ ነው። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ረጅም መንገድ አይኬድም፤ ይለፍ የሚሰጠው ደግሞ አውራጃው ነው፣ አውራጃውም ማመልከቻ ይጠይቃል። ለየኔታ ምን ልበላቸው አልኩት። ሂድ ያሉኝ እሳቸው ናቸው አለኝ። እዚህ ከእኔ ጋር ሀ ሁ እያልክ የያዝከውን ቅኔ አትጨርስ ብለውታል።

ጣውላዬን ጭኔ ላይ አደረግሁና የጉዞው ምክንያት የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ምን ልበል አልኩት። እሱ ግራ ገባው።

«ቅኔ ልማር ነዋ የምሄደው» አለኝ።

እንደነገረኝ ጻፍኩት። ብቻውን ግን አልላክሁትም። እንዲያ ተብሎ በተጻፈ ወረቀት የሚያዋርዱት መስሎኝ፣ ቢጠይቁት እኔ እመልሳለሁ ብዬ አብሬው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ያንኑ የአባቴን ማመልከቻ የተቀበለኝ ሰውዬ ነው። ወረቀቱን አነበበ።

«ቅኔ?» አለ።

«አዎ» አለው ተማሪው።

«የት?»

«ጎጃም።»

ሰውየው መሳቢያውን ስቦ የማኅተሙን ቀለም መፈለግ ጀመረ። አጎቴም ቅኔ ያውቅ ነበር አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ እየፈለገ። አገኘው። ማኅተሙን ሁለቴ እፍ እፍ አለበትና መታለት። ተማሪው እጅ ነሥቶ ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተና ወጣ፤ የጎንደሩ መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል። እኔ ግን እዚያው ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

«አንቺስ?» አለኝ ሰውየው። «ምን ፈልገሽ ነው?»

ምንም አልኩት።